የሩዝ አረም፦ ከግንቦት እርሻ እስከ ኅዳር አጨዳ

የመጀመሪያ ክረምቴ ነበር። ወረታ አጠገብ የዘመዶቼ ሩዝ ማሳ ላይ ለአረም ወጣሁ። ጤፍ እያረምኩ ስላደግኩ ራሴን እንደ ባለሙያ ነበር የቆጠርኩት። አንድ ሰዓት ያህል አጎንብሼ ስነቅል ቆየሁ። የአክስቴ ልጅ መጣችና ክምሬን አገላብጣ አየችው። «አንተ! ሩዙን ነቅለህ ሳሩን ተውክልን እኮ!» ሳቁ እስከ ቡና ሰዓት አላባራም።

ጥፋቱ የጉልበት ማነስ አልነበረም። ሩዝ ራሱ የሳር ዘመድ ነው። ዋና ጠላቱም ሳር ነው። ገና ሲበቅሉ መንታ ይመስላሉ። ስለዚህ የሩዝ አረም ከእጅም ከመድኃኒትም በፊት የዓይን ሥራ ነው። ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ሩዙ ከበቀለ ከ15ኛው እስከ 45ኛው ቀን ያለው አንድ ወር ሁሉን ይወስናል። በዚያ ወር አረሙ የበላው ምግብ አይመለስም። በ60ኛው ቀን ማሳውን ወለል አስመስላችሁ ብታጸዱት ያመለጠው አምልጧል። ጭራሽ ያልታረመ ማሳ ደግሞ ከግማሽ በላይ ምርቱን ሊያጣ ይችላል።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ወረታ ያለችበትን የፎገራን ሜዳ አስቦ የተጻፈ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚያጥለቀልቁትን፣ ዋልካ አፈር ያለውን፣ በዝናብ ብቻ የሚለማውን ማሳ ማለቴ ነው። ሊቦ ከምከምና ደንቢያም ብዙ አይለይም። እንደ ፓዌ፣ ጨዋቃና ጉራ ፈርዳ ውሃ በማይተኛበት መሬት የምትዘሩ ግን የውሃውን ክፍል ትታችሁ ሌላውን ውሰዱ። እናንተ ጋ አረሙ ይብሳል። የሚያፍነው ውሃ የለማ።

በመጀመሪያ፦ ማን ማን እንደሆነ ለዩ

የሩዝ አረም ሦስት ወገን ነው። ሳር፣ እንግጫና ቅጠለ ሰፊ። ቅጠለ ሰፊውን ሕፃንም ይለየዋል። ችግሩ የሁለቱ ነው።

ግንዱን በሁለት ጣት መካከል ይዛችሁ አንከባልሉት። ጠርዝ ካለውና እንደ ልብ አልዞር ካለ እንግጫ ነው፤ ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው። ክብ ሆኖ መገጣጠሚያ ካለው ወይ ሩዝ ነው ወይ ሳር።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። ቅጠሉ ግንዱን አቅፎ ይወጣና አንድ ቦታ ላይ ወደ ውጭ ይታጠፋል። እዚያ መታጠፊያ ላይ ቅጠሉን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ሩዝ ከሆነ ስስ፣ ነጣ ያለች ምላስ አለችው። በግራና በቀኝ ደግሞ ጸጉራም ጆሮ የመሰሉ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ሩዝ መሳዩ ሳር ግን ምላስም ጆሮም የለውም። መታጠፊያው ልሙጥ ነው። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል፤ ቀለሙን ግን ብቻውን አትመኑት። ይህን ሳር በየቀበሌው በሌላ በሌላ ስም ይጠሩታል፤ ምላስና ጆሮውን ማየት ግን የትም ይሠራል። ሃያ ቡቃያ ላይ ብትለማመዱ ሃያ አንደኛውን ጎንበስ ሳትሉ ታውቁታላችሁ።

አንድ አስቸጋሪ ደግሞ አለ። የዱር ሩዝ። ይህኛው ምላስም ጆሮም አለው፤ የሥጋ ዘመድ ነውና። ፎገራ ውስጥ ድሮም ነበረ። እንዲያውም እዚህ አገር ሩዝ ይሆናል የሚለው ሐሳብ የመጣው የዱር ሩዝ በሜዳው ላይ በመታየቱ ነው። ባለውለታ አረም ማለት እሱ ነው። መሬት ውስጥ እንደ ሰርዶ የሚሄድ ወፍራም ሥር አለው። ራሱ ላይ ረጅም ጭራ ያወጣል። ፍሬው ሳይታጨድ ይረግፋል። ቅጠሉን ብቻ በጥሳችሁ ከሄዳችሁ በሳምንቱ ይመለሳል። ሥሩን በዶማ ተከትላችሁ ማውጣት ነው ያለው ምርጫ።

እንግጫም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በዘር ብቻ ይራባል፤ ይነቀላል፣ ያልቃል። ሌላው መሬት ውስጥ እንደ ሽንብራ ፍሬ የምታክል፣ እንደገና የምትበቅል የሥር ኮረት ያስቀምጣል። ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች እየዘፈኑ የሚነቅሉት እንግጫ ደስ ይላል፤ የሩዝ ማሳ ውስጥ ሲገባ ግን ዘፈን አያስፈልገውም። ሥሩን ይዛችሁ ውጡ።

ከቅጠለ ሰፊዎቹ የውሃ አንቁርን ለብቻው ላንሳው። ግንዱ በየመገጣጠሚያው ሥር ያወጣል። ቆራርጣችሁ እርጥብ ማሳ ላይ ከተዋችሁት አንዱን አሥር አደረጋችሁት ማለት ነው።

ግንቦት፦ አረሙን ቀድማችሁ አብቅሉት

ሰው የሚገረምበት ምክር ይህ ነው። ዘር ከመዝራታችሁ በፊት አረሙ እንዲበቅል ጋብዙት።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ማሳውን እረሱና ሁለት ሳምንት ተዉት። አፈሩ ውስጥ የተኛው የአረም ዘር እርጥበትና ብርሃን ሲያገኝ ይነሳል። ማሳው አረንጓዴ ሲለብስ መልሳችሁ እረሱት። የተነሳው ሁሉ ሞተ። ጊዜ ካላችሁ ድገሙት። የመጨረሻውን እርሻ ግን ጥልቅ አታድርጉት። ጥልቅ ከሄዳችሁ ከሥር የተኛውን አዲስ ዘር አውጥታችሁ ማዳበሪያ ፊት ታስቀምጡታላችሁ።

ዋልካ እንደሆነ ይታወቃል። ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ማጥ ነው። ሁለተኛውን እርሻ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ አሳልፋችሁ ካቆያችሁት በሬው እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። በግንቦት ውስጥ መጀመር ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ከዚያ ማሳውን ደልድሉ። ጉብታ ያለበት ቦታ ውሃ አይተኛበትም፤ አረሙ ሰፈሩን የሚመሠርተው እዚያ ነው። ትንሽ ውሃ ባለበት ጊዜ ጣውላ በበሬ አስጎትቱ። የቱ ከፍ፣ የቱ ዝቅ እንዳለ ውሃው ራሱ ያሳያችኋል። ዙሪያውን ጠንከር ያለ የአፈር ክትር ሥሩ። ክትሩ ላይ የበቀለውንም እጨዱ። ብዙ ሰው ማሳውን አጽድቶ ክትሩን ይረሳል፤ ዘሩ ደግሞ ከክትሩ ይንጠባጠባል።

ዘሩ ራሱ አረም ይዞ እንዳይመጣ

ከጎረቤት የተለወጠ ወይም ከገበያ የተሸመተ ዘር ከሆነ በሰፌድ አንፍሱ፣ በወንፊት ንፉ። የሳሩ ዘር ከሩዝ ያነሰ ስለሆነ በወንፊቱ ያልፋል። ቀጥሎ የጨው ውሃ ፈተና አለ። በባልዲ ውሃ ውስጥ ጨው እያማሰላችሁ ጨምሩ። ትኩስ እንቁላል ጣሉበት። እንቁላሉ ተንሳፎ ጫፉ ብቅ ሲል ውሃው ደርሷል። ሩዙን ክተቱ። ገለባው፣ ፍሬ ያልያዘውና ብዙው ቀላል የአረም ዘር ላይ ይንሳፈፋል፤ ገፋችሁ ጣሉት። የሰመጠውን ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ጨው ተጣብቆበት ከቀረ አይበቅልም። እንቁላሉን ደግሞ አትጣሉት፣ ቀቅላችሁ ብሉት።

የዝርያ ነገር በአጭሩ፦ ኤክስ ጅግና አሁንም ብዙ ወዳጅ አለው። ዘሩ ግን ከእጅ እጅ ሲተላለፍ ዓመታት ስለሆነው ቅይጥነቱ በዝቷል። ፎገራ ካለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የወጡ አዳዲስ ዝርያዎችን ንጹሕ ዘር ብታገኙ ግማሽ ችግራችሁ ይቀላል። ውሃ በማይተኛበት መሬት ኔሪካ 4 ይታወቃል። ኔሪካዎቹ የአፍሪካና የእስያ ሩዝ ተዳቅለው የተገኙ ናቸው። የአፍሪካው ወላጅ ቶሎ ለምልሞ አረምን በማፈን ይታወቃል።

ሰኔ፦ በመስመር ዝሩ

በብተና መዝራት ይቀላል። አውቃለሁ። ግን የሰኔን አንድ ቀን አድናችሁ የሐምሌን አሥር ቀን ትከፍላላችሁ።

በ20 ወይም በ25 ሳንቲ ሜትር መስመር ስትዘሩ ከመስመሩ ውጭ ያለው ሁሉ አረም ነው። ምላስና ጆሮ መፈተሽ የሚያስፈልጋችሁ መስመሩ ውስጥ ብቻ ነው። እንደኔ ያለ ጀማሪ እንኳ ሩዙን አይነቅልም። ዘርም ይቆጠባል። በብተና በሄክታር 100 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚፈጀው በመስመር 60 ወይም 80 ኪሎ ይበቃዋል። የሚገፋ የአረም ማሽንም የሚገባው በመስመር ብቻ ነው።

ችግኝ አፍልታችሁ የምትተክሉ ደግሞ የተሻለ ዕድል አላችሁ። የ3 ሳምንት ችግኝ ገና ካልበቀለ አረም ጋር ሲሽቀዳደም ቀድሞ ነው የሚነሳው። መደቡን ግን አደራ። ሩዝ መሳዩ ሳር እዚያ ከሩዙ ጋር አብሮ ያድጋል። ሳታዩ ከነቀላችሁት አረሙን በገዛ እጃችሁ፣ በመስመር፣ በሥርዓት ትተክሉታላችሁ። ሳቄ ይመጣብኛል እንጂ ይህን ያደረገ ሰው አይቻለሁ።

ሐምሌ፦ የመጀመሪያው አረም

ሩዙ ከበቀለ ከ15 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ግቡ። አረሙ ሦስት ወይም አራት ቅጠል ሲያወጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ በሁለት ጣት ይወጣል። ሳምንት ብትቆዩ በእጅ ሙሉ ትጎትታላችሁ፤ ሁለት ሳምንት ብትቆዩ አረሙ ሲወጣ የሩዙን ሥር ይዞ ይወጣል። በእንጭጩ ቅጩት የሚባለው ለዚህ ነው።

ዝናብ ከጣለ በማግስቱ ይሻላል። አፈሩ ለስልሶ ሥሩ ሙሉ ይወጣል። ከቅጠሉ ሳይሆን ከመሬቱ ጋር ከሚገናኝበት ያዙት። ሰዎቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂዱ። ተበታትኖ የሚያርም ሰው መሃል ላይ ይዘላል። የተነቀለውን ክትሩ ላይ ከምሩ እንጂ ማሳው ውስጥ አትተዉ። የሐምሌ ጭቃ ውስጥ የተጣለ አረም አይሞትም፤ ይተኛና ይነሳል።

የጉልበት ነገር ከባድ ነው። ሐምሌ የጤፍ ዘር፣ የበቆሎ ኩትኳቶ፣ የሩዝ አረም ሁሉ ባንድ ላይ የሚመጣበት ወር ነው። ወንፈል የጠየቃችሁት ጎረቤትም ማሳው ሳር ውጦበታል። እኔ ያየሁት መፍትሔ አንድ ነው፦ ማሳውን ባንድ ቀን አትዝሩት። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሳምንት በኋላ ዝሩ። ያኔ አረሙም በሳምንት ልዩነት ይደርሳል፤ በቤተሰብ ጉልበት ይሸፈናል። ከወንፈል ጓደኞቻችሁ ጋርም የዘር ቀን ተመካከሩ። ይህን አስቀድሞ በሰኔ ሲመካከሩ የማያቸው ቤቶች በነሐሴ አይጨናነቁም።

የሚገፋውን የአረም ማሽን የምትጠቀሙ ከሆነ ውሃውን ወደ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር አውርዱት። ደረቅ መሬት ላይ አይገፋም፤ ብዙ ውሃ ላይ ደግሞ ይንሳፈፋል። ወደ ፊት ወደ ኋላ እያላችሁ ግፉት። በመስመሩ መሃል ያለውን ገልብጦ ይቀብረዋል። ሩዙ ሥር የተለጠፈውን ግን በእጅ መጨረስ አይቀርም።

ዩሪያ ከማረም በኋላ እንጂ በፊት አይረጭም። ያልታረመ ማሳ ላይ ዩሪያ መርጨት አረምን መቀለብ ነው። ሳሩ ከሩዝ ፈጥኖ ይበላል።

ሁለተኛው አረም ከ35 እስከ 40ኛው ቀን ነው። ከመጀመሪያው ይቀላል። የመጀመሪያውን በደንብ ከሠራችሁ ማለቴ ነው።

ውሃ ራሱ ያርማል

ሩዝ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ውሃ ስለሚወድ ብቻ አይደለም። ስለሚችል ነው። አብዛኛው ሳር 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ከላዩ ሲተኛ ዘሩ አይበቅልም፤ አየር ያጥረዋል። ሩዝ ግን አየርን ከቅጠሉ ወደ ሥሩ የሚያወርድበት ቧንቧ አለው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው አረም በኋላ፣ ማሳው ንጹሕ ሳለ ውሃውን ያዙት። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። በደረቅ የተዘራ ሩዝ ሦስት አራት ቅጠል ሳያወጣ ውሃ አታስተኙበት፤ እሱም ይታፈናል። ሌላው፣ ውሃ የበቀለን አረም አይገድልም፤ የሚከለክለው ያልበቀለውን ነው። አርማችሁ ሙሉ፣ ሞልታችሁ አትረሙ። ውሃ ወዳዶቹ፣ በተለይ በዘር የሚራባው እንግጫ፣ በውሃም አይበገሩም። እነሱን በእጅ ነው።

መድኃኒት

መድኃኒትን መጨረሻ ያመጣሁት አውቄ ነው። ከላይ ያለውን የሠራ ሰው ጥቂት ነው የሚያስፈልገው፤ ያልሠራውን ደግሞ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም።

ገበሬው ዘንድ ቱፎርዲ የሚባለው በብዛት ይታወቃል። ቅጠለ ሰፊን ይገድላል፤ ሳርን አይነካም። በየዓመቱ እሱን ብቻ የሚረጭ ሰው ማሳው ቀስ በቀስ የሳር ብቻ ይሆናል። «መድኃኒቱ ደከመ» ይላል። አልደከመም፤ ድሮውንም የሳር አልነበረም። የሚረጨው ሩዙ ማጎንቆል፣ ማለትም ከሥሩ ተጨማሪ ግንድ ማውጣት ከጀመረ በኋላ፣ ዛላ መያዝ ሳይጀምር ነው። ከዚያ ካለፈ ፍሬውን ያበላሻል። ሲረጭ ውሃውን ዝቅ አድርጉ፤ ቅጠሉ ላይ ካላረፈ አይሠራም።

የስንዴ ሳር ማጥፊያ ለሩዝ ይሆናል ብላችሁ እንዳትሞክሩ። ሩዝ ሳር ነው ብያለሁ። መለያ ወረቀቱ ላይ ሩዝ የሚል ከሌለ አይገዛም። ሃይላንድ ውስጥ የተቀዳ፣ ስም የሌለው መድኃኒትም እንደዚሁ።

አሁን መጠን። «አንድ ክዳን ለአንድ ፓምፕ» የሚባለውን እርሱት፤ የአንዱ ክዳን የሌላው አይደለም። እንዲህ ለኩ። 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ምልክት አድርጉ። ፓምፑን በንጹሕ ውሃ ሙሉና በተለመደው እርምጃችሁ ቦታውን ርጩ። ስንት ውሃ እንደሄደ ለኩ። 2 ሊትር ሄደ እንበል። ሄክታር የዚህ 100 እጥፍ ስለሆነ 200 ሊትር ይፈልጋል። ፓምፓችሁ 15 ሊትር ከሆነ 13 ከሲሶ ፓምፕ ማለት ነው። ወረቀቱ በሄክታር 1 ሊትር ካለ፣ ለአንድ ፓምፕ 75 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። ለሩብ ሄክታር በጠቅላላ 250 ሚሊ ሊትር ይበቃችኋል። ከዚህ ያለፈ ብራችሁን ወደ ርብ መልቀቅ ነው።

ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ ርጩ። እኔ አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ቱፎርዲ ረጨሁ። ነፋሱ ቀላል መሰለኝ። በአራተኛው ቀን የጎረቤቴ ቃሪያ ቅጠሉ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ይቅርታም ካሳም ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም ከፈልኩ። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ኑግና ሽንብራ ለዚህ መድኃኒት ስስ ናቸው። ከረጫችሁ በኋላም ለስድስት ሰዓት ያህል ዝናብ እንደማይጥል እርግጠኛ ሁኑ፤ በሐምሌ ይህ ቀልድ ይመስላል፣ ግን ንጋት ላይ ይገኛል። ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ። የአረም መድኃኒት የረጫችሁበትን ፓምፕ ለሌላ መድኃኒት አትጠቀሙ። ምንጭና ወንዝ ውስጥም አትጠቡት።

ጣና ዳር ላላችሁ፦ እንቦጭ

ሐይቁ ሞልቶ ሲመለስ እንቦጩን ማሳ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ውሃው ሳለ ተንሳፋፊውን ወደ ዳር ሰብስቡ። መሬት ከነካና ሥር ከሰደደ ድካሙ እጥፍ ነው። ከማበቡ በፊት ይውጣ። ዘሩ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያል። ከውሃ ራቅ ያለ ከፍታ ላይ ከምራችሁ አድርቁት። ክትር ላይ ብቻ ከተዋችሁት የሚቀጥለው ጎርፍ መልሶ ያመጣላችኋል።

መስከረምና ጥቅምት፦ ከሩዙ በላይ ያለውን

ሩዙ ዛላ ሲያወጣ በማሳው መሃል አንድ ጊዜ ተመላለሱ። ከሩዙ ራስ በላይ ብቅ ያለው ሁሉ አረም ወይም ቅይጥ ነው። ፍሬው ሳይረግፍ በማጭድ ቁረጡት። ይህ ለዘንድሮ ምርት ብዙ አይጨምርም፤ ለከርሞ ነው። ዘር ያዘለውን ለከብት አትስጡ። ብዙው በሆዳቸው አልፎ በፍግ ተመልሶ ማሳ ይገባል።

ከአጨዳ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽንብራ መዝራት ፎገራ የለመደው ነገር ነው። ውሃ ወዳዱ አረም በደረቅ ወር ሰብል ውስጥ ይቸገራል። መሬቱ ባዶ ባይውል አረሙም ቦታ ያጣል። በደረቅ መሬት የምትዘሩ ደግሞ ማሽላችሁ ላይ አቀንጭራ ካያችሁ እዚያ ማሳ ላይ ሩዝ አታስገቡ። ሩዝንም ይይዛል።

ኅዳር፦ የከርሞውን ዘር ምረጡ

ሁሉንም ከማጨዳችሁ በፊት ወደ ማሳው መሃል ግቡ። ከክትር የራቀ፣ ሳር የሌለበት፣ ቁመቱ እኩል የሆነ ቦታ ፈልጉ። ለሩብ ሄክታር በመስመር የሚበቃችሁ 20 ኪሎ ያህል ነውና ትንሽ ቦታ ይበቃል። እሱን ለብቻው፣ ከሁሉ ቀድማችሁ እጨዱ። አውድማው ገና ሳይረገጥ ውቁት፤ በሌላው ምርት ላይ ከወቃችሁት የሌላው አረም ዘር ይቀላቀልበታል። አድርቁት፣ በንጹሕ ጆንያ ክተቱት፣ አፉን ስፉት። የዝርያውን ስም ጻፉበትና ልጆች ለገበያ ከሚያወጡት ጆንያ ለይታችሁ አስቀምጡት።